ቅባቱ የወጣለት ወተት

ሐረር፣ ጥቅምት 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ እንደሻው፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ሥራስ? እኛ ደህና ነን፤ ደህና ማለት ከተቻለ። የላኩት የወተት ዱቄት በሾፌሩ በግርማ እጅ ደርሶናል። ከጣሳዎቹ አንዱም አልተጎዳም፤ ግርማ ግን ከድሬዳዋ እስከዚህ ድረስ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ እንዳመጣቸው ሳይነግረኝ አልሄደም።

የጠየቁኝን በየተራ ልመልስ። አዎ፣ ውሃውን አፈላለሁ። አዎ፣ ጡጦውን እቀቅላለሁ። አዎ፣ ዱቄቱን በማንኪያ ለክቼ ነው፤ በግምት አይደለም። ልጅዎ አስቴር ትጠጣለች፤ አትተፋም። ስትስቅ አላየኋትም፤ ግን እዚህ ቤት ማን ይስቃል?

ቅቤ ያውጧታል ወይ ላሉት አይሥጉ። እህቴ ሙሉነሽ እሷን ወልዳ በማግሥቱ ካረፈች ጀምሮ እማዬ ቅቤ ወደ ቤት እንዳይገባ ከልክላለች። በለቅሶ ጊዜ ሴት ፀጉሯን ቅቤ እንደማትቀባ ያውቃሉ። እማዬ ግን ከፀጉር አልፋ ከወጡም፣ ከሕፃኗ ገላም ከለከለች። "የሙሉነሽ ሙት ዓመት ሳይወጣ በዚህ ቤት ቅቤ አይሸትም" ብላ በነፍስ አባታችን በመምሬ ወልደ ጊዮርጊስ ፊት ተናግራለች። እሳቸው ፊት የተነገረ ነገር በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን ቅቤ እየቀባ ፀሐይ ሲያሞቅ፣ የእኛዋ በውሃ ብቻ ታጥባ ትተኛለች።

እኔና አስቴር የምናድረው እህቴ ባረፈችበት ክፍል ነው። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ አሁን ምንም አይለኝም። ጥሩ ምልክት ይሁን መጥፎ አላውቅም።

አክባሪዎ ገላነሽ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 6 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለእህቴ ለገላነሽ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለእናትሽም ለመምሬም እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ጽሑፍሽ ደረሰኝ፤ ልጄ የምትጠጣ መሆኗን በማወቄ ዐርፌያለሁ።

በቅቤው ጉዳይ የእናትሽ ኀዘን ትክክለኛውን ነገር አሠራቸው። ሕፃን ልጅ ቅቤ ማዋጥ የድሮ ልማድ ነው። እኔ በዚህ በወተት መሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ የማየው ቅባት ነው። ገበሬው ካመጣው ወተት ጥቂት ወደ ብርጭቆ ቱቦ እጨምራለሁ፤ አሲድ አክልበትና በማዞሪያው መኪና አሽከረክረዋለሁ፤ ቅባቱ ተለይቶ በቱቦው አንገት ላይ ቢጫ ሆኖ ይቆማል። ብዙ ከሆነ ወተቱ ውሃ አልገባበትም ማለት ነው። የምልክልሽ ዱቄት የተሠራው ይህ ቅባት ከወጣለት በኋላ ከቀረው ነው። ሥጋ የሚያበጀው፣ አጥንት የሚያጠነክረው ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። ቅባት ለአዋቂ ጣዕም ነው፤ ለሕፃን ሆድ ግን ሸክም ነው። ስለዚህ ሌላ ምንም አትስጫት። ከጊደር መጋላ ገበያ ወተት እንዳትገዢ፤ በምን ዕቃ እንደተቀዳ አይታወቅም።

ለምን አልመጣም ብትዪ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ይህ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ሙሉነሽ ቆማ እንደማትጠብቀኝ ሳስብ ሻንጣ ማንሣት ያቅተኛል። አላለቅስም። ብቻ አላነሣውም።

የልጄን ፎቶግራፍ አስነሥተሽ ላኪልኝ።

እንደሻው


ሐረር፣ ጥር 21 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለጋሼ እንደሻው፣

እንኳን ለጥምቀቱ በሰላም አደረሰዎ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ። ፎቶግራፉንም ስላልላክሁ ይቅርታ። ፎቶ አንሺው ለበዓሉ ሰው በዝቶበት ነበር፤ ከዚያ ወረቀት አለቀብኝ አለ፤ አሁን ደግሞ ድሬዳዋ ወርዷል ይላሉ። ሲመለስ እናያለን።

ስለ ወተት የጻፉልኝን ለእማዬ አነበብሁላት። "ይህ ሰው ልጄን ያገባት ስለ ላም የሚያወራት አጥቶ ነው?" አለች። ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በላኩት ደብዳቤ አድጋለች ወይ ላሉት፣ የክርስትና ልብሷ ገና አልጠበባትም። ጓንት ለምን ሰፋሽላት ላሉት (ግርማ ነው መቼም የነገረዎት) እንዳትቧጭር ነው። ቆዳዋ ትንሽ ደርቋል። ነፋሱ ነው ይላሉ፤ የዘንድሮ ነፋስ መቼም አቧራውን ሁሉ ወደ ቤት ነው የሚያስገባው። ዱቄቱን ሳላጓድል እሰጣታለሁ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ያለውንም ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ።

ገላነሽ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 18 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለእህቴ ለገላነሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ። ግርማ ትናንት እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። አስቀምጬ ጠየቅሁት፤ መጀመሪያ ሸሸ፤ ኋላ ተናገረ። እጅና እግሯ ተሰነጣጥቆ ቅርፊት አውጥቷል፤ የሰፈሩ ሰው ልጁን ወደ እናንተ ግቢ አይልክም፤ የሥጋ ደዌ ነው እየተባለ ይወራል አለኝ። ነፋስ ነው ብለሽ የጻፍሽልኝን አወጣሁና ደግሜ አነበብሁት።

ከከተማው ወጣ ብሎ እንዲህ ያሉ ሕሙማን የሚቀበሉበት ቤት እንዳለ አውቃለሁ። ነገሩ የሚወራው ከሆነ ወስደሽ አስረክቢያቸው። አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ እናትሽም አርጅተዋል፤ ቤቱ ሁሉ በአንድ ሕፃን ምክንያት ሰው አልባ መሆን የለበትም። አባቷ ይስማማል ወይ ብለው ከጠየቁ ይህን ደብዳቤ አሳዪያቸው። እስማማለሁ።

ይህን ስጽፍ ከመካከል አቆማለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላቆምሁም።

ዱቄቱ ከመሥሪያ ቤታችን አልቋል። እንደገና እስኪመጣ መላክ አልችልም።

ያደረግሽውን ጻፊልኝ።

እንደሻው


ሐረር፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለጋሼ እንደሻው፣

ጤና ይስጥልኝ። አልሰጠኋትም። ደብዳቤዎንም ለማንም አላሳየሁም። እርስዎ እስማማለሁ ብለዋል፤ እኔ አልተስማማሁም፤ ያቀፍኋት እኔ ስለሆንሁ የእኔ ይበልጣል ብዬ ቆጠርሁት። ከተቆጡ ይቆጡ።

ግርማ የነገረዎ እውነት ነው። ነፋስ አልነበረም። ቆዳዋ መጀመሪያ ደረቀ፤ ከዚያ ቅርፊት ሆኖ ተነሣ፤ ከጆሮዋ ኋላና ከብብቷ ሥር ተሰነጠቀ። እየጠጣች አትወፍርም። ጠበል ወሰድናት፤ ውሃው ስንጥቁ ላይ ሲያርፍ ጮኸች፤ መንፈስ ነው ያሉም ነበሩ። ለእኔ ሊላኩ የነበሩ ሽማግሌዎች መንገዱ ጠፋባቸው መሰል ቀሩ። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም። እኔም አላዘንሁም፤ ማዘን የሚባለውን እህቴ ይዛብኝ ሄዳለች።

ዱቄቱ ሲያልቅ ወተት ፍለጋ ወጣሁ። በዚህ በጋ ላሙ ሁሉ ነጥፏል። ከከተማው ውጭ ሶፊ ድረስ ወርጄ ያየሁት ወተት ለጥጃውም የሚበቃ አይደለም። አጥሚት ሠራሁላት፤ አልዋጥ አላት። አዝያት ስመለስ በከተማው ግንብ በሸዋ በር በኩል ለይላ ጠራችኝ። ለይላን ያውቋታል፤ ከግንቡ ውስጥ፣ ከበሩ ገባ እንዳሉ ያለችው፤ እህቴ ቅመም ትገዛባት የነበረችው። የባሏ የዓብዱላሂ ዘመዶች በባቢሌ በኩል ግመል አላቸው፤ ወተቱን እዚህ የምትሸጠው እሷ ናት።

"አቦ ገላነሽ፣ ልጅቱ ምን ቀመሰች?" አለችኝ።

"ምንም።"

"እኔ ጋ ያለው የግመል ነው። ለናንተ ሐራም ነው፤ አውቃለሁ። ሌላ ቢኖረኝ ወላሂ ሌላ እሰጥሽ ነበር።"

እሷም ሌላ አልነበራትም፤ እኔም ሌላ አልነበረኝም። እዚያው ደጃፏ ላይ ተቀምጬ በማንኪያ ሰጠኋት። ማተቧ አንገቷ ላይ ነበር። ጨርሳ ማንኪያውን ላሰች። ሰማይ ይደፋብኛል ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ፤ አልተደፋም።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እየሄድሁ በጡጦዋ እያስቀዳሁ አጠጣኋት። ቅርፊቱ መርገፍ ጀመረ። ከሥሩ የወጣው ቆዳ ቀላ ያለ ነው፤ ሲነኩት ይለሰልሳል። ምን አድርገሽባት ነው ብዬ ለይላን ብጠይቃት "እኔ ምን አውቄ፤ አላህ ነው" አለች። ቅቤው ወጥቶለት እንደሆነ ጠየቅኋት፤ የእርስዎ ትምህርት ነዋ። ሳቀችብኝ። የግመል ወተት ብትንጪው ብትንጪው ቅቤ አይወጣለትም አለችኝ።

እማዬ ግን ደረሰችበት። የግመል ወተት ጨው ጨው ይላል፤ ጡጦውን ቀመሰችና አወቀች። አልጮኸችም። "በማተብ ያለችውን ልጅ አረከስሽብኝ" አለች። "ብትሞት እንኳ በክርስትናዋ ትሞት ነበር። ወይ ግመሉን ተዪ፣ ወይ ቤቴን ልቀቂ።"

አስቴርን አዝዬ ወጣሁ። ይህን የምጽፍልዎ ለይላ ግቢ ውስጥ ከለቀቀችልኝ ክፍል ነው። ሰው ሁሉ የሚለውን ይላል። እርስዎም እንደ እማዬ የሚሉ ከሆነ፣ እንግዲህ ይበሉ።

ገላነሽ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 2 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለእህቴ ለገላነሽ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ስለ ግመሉ አልተቆጣሁም።

ጽሑፍሽን በኪሴ ይዤ ሥራ ገባሁ። የዕለቱን ምርመራ ከጨረስሁ በኋላ እኛ ዘንድ ለሚሠራው የውጭ አገር ባለሙያ ስለ ልጄ ቆዳ ነገርሁት። ምን ስትጠጣ እንደነበር ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ከመደርደሪያው የሕክምና መጽሔት አወጣና ገጹን ገልጦ ሰጠኝ። በመዝገበ ቃላት እያገዝሁ አነበብሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወተት ቅባት አንድ ወጥ ነገር አይደለም። የቅባት አሲድ የሚባሉ ብዙ ዓይነት ነገሮች ተያይዘው የሠሩት ነው። አሲድ ሲባል እኔ ቱቦ ውስጥ እንደምጨምረው የሚያቃጥል እንዳይመስልሽ፤ የስም ነገር ነው። አብዛኞቹን ሰውነታችን ራሱ ይሠራቸዋል። አንዳንዱን ግን መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት። ያን ያጣ ሕፃን ቆዳው ውሃ መያዝ ያቅተዋል፤ ይደርቃል፤ ቅርፊት ያወጣል፤ ይሰነጠቃል። የጠጣውም አያወፍረውም። ይህ የታየው ቅባቱ የወጣለት ወተት ብቻ በጠጡ ሕፃናት ላይ ነው። የጎደለው አሲድ ሲመለስላቸው ቆዳቸው ድኗል። በእናት ጡት ውስጥ ይህ አሲድ በብዛት አለ፤ በላም ወተት ውስጥ ያነሰ ነው፤ ቅባቱ ካልተገፈፈ ግን ይበቃል። ስለ ግመል መጽሔቱ አይናገርም። ባለሙያው ግን የግመል ቅባት እንደ ላም ወደ ላይ አይንሳፈፍም፣ ከወተቱ ጋር ተደባልቆ ይቀራል አለኝ። ለይላ ቅቤ አይወጣለትም ያለችሽ ለዚህ ነው። ልጄ ከነቅባቱ ነው ያገኘችው።

ስለዚህ ደዌ አልነበረም። የእኔ ጣሳ ነው። ወደ ውጭ አውጥቼ የጣልሁላት፣ በቱቦ አንገት ላይ በየቀኑ የማየው ያ ቢጫ ነገር ነበር የጎደላት። በቤታችሁ ጠብታ ቅቤ ብትኖር ጥቂት ትረዳት ነበር፤ እሷንም ለቅሶው ከለከለ፤ እኔም ጥሩ አደረጋችሁ ብዬ ጻፍሁ። አንብቤ ስጨርስ ባለሙያው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የምሳ ሰዓት ስለነበር ሄጄ በላሁ።

ይህንኑ ዘርዝሬ ለእናትሽም ጽፌያለሁ። ከሙት ዓመቷ በኋላ መጥቼ ልጄን እወስዳለሁ። እዚህ ሙሉ ወተት ሞልቷል፤ የምትይዛት ሴትም አግኝቻለሁ። አንቺም ከሰው ግቢ ወጥተሽ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ፤ ሽማግሌዎቹም መንገዱን ያገኙት ይሆናል። ለሁላችንም የሚሻለው ይህ ነው።

እንደሻው


ሐረር፣ ግንቦት 29 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለጋሼ እንደሻው፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ለእማዬ የጻፉትን መምሬ አነበቡላት አሉ። ስለ አሲዱ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና "ስለ ግመሉ ምን ይላል?" ብላ ጠየቀች። ምንም አይልም አሏት። "እንግዲያውስ ምን አነበብን" አለች።

መምሬ ግን ደግ ሰው ናቸው። እኔን አስጠርተው "ሕፃን በደል የለባትም፤ ሥርዓቱ ግን ይፈጸማል" አሉኝ። መጽሐፈ ቄደር ደግመው፣ ውሃውን ባርከው አጠመቋት። እንደ ካደ ሰው ተቆጥራ ወደ ክርስትናዋ ተመለሰች፤ ገና መቆም እንኳ ሳትችል። ስትጠመቅ አልጮኸችም፤ ስንጥቁ ድኗላ። ለእኔም ንስሐ ሰጡኝ፤ እየፈጸምሁ ነው። ዝናቡ ገብቶ ላሞቹ ወተት ስለያዙ አሁን ከነቅባቱ የላም ወተት ነው የምሰጣት።

ወደ እናትሽ ተመለሽ ላሉኝ፣ ሄጄ ነበር። ሰላም አለችኝ፤ ከማዕዷ ግን አላቀረበችኝም። ስለዚህ አሁንም ለይላ ጋ ነኝ።

ልጄን እወስዳለሁ ላሉት ምን እላለሁ። አባቷ ነዎት። እምቢ የምልበት ምክንያት ስፈልግ ሰነበትሁ፤ አላገኘሁም። እንዲያውቁት ያህል ብቻ፣ ጆሮዬን ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ለሴትዮዋ ይንገሯት። እኔም ከእሷ ሌላ የቀረኝ የለም። ይህንንም እንዲያውቁት ያህል ነው።

ይምጡ።

ገላነሽ


ድሬዳዋ፣ ሰኔ 27 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለእህቴ ለገላነሽ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ ሆቴል ነው። ትናንት ሐረር ነበርሁ።

ለልጄ የገዛሁትን ልብስ ይዤ በጭነት መኪና ወጣሁ። በሸዋ በር ገብቼ የለይላን ቤት ጠየቅሁ፤ አሳዩኝ። ፊት ለፊቱ ካለ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ጥላ ሥር ቆምሁ። ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው። አንቺ ታቅፈሻት ወጣሽ። ጉንጯ ሞልቷል። ክንዷ ጠብደል ብሏል። ግንባሯ የእናቷ ነው። አንድ ቃል ብጠራሽ ትሰሚኝ ነበር። አልጠራሁሽም። ፈርቼ አይደለም፤ አፍሬም አይደለም። የሚሰማኝን ፈለግሁት፤ ምንም አልነበረም። እስማማለሁ ብዬ የጻፍሁ ዕለትም እንዲሁ ነበር። ተመልሰሽ ገባሽ። እንደገና ወጣሽ። ገባሽ። እኔም ወረድሁ።

አላየሽኝም። ልብሱን ለግርማ ሰጥቼዋለሁ። እናትሽ ከጠየቁ አመመው በዪልኝ። ምናልባት በመስከረም እመጣለሁ፤ ያኔ ይሻለኝ ይሆናል። እስከዚያው ልጄ እንዴት እንደሆነች ጻፊልኝ።

እንደሻው


ሐረር፣ ሐምሌ 9 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለጋሼ እንደሻው፣

በደህና ገብተው ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ልብሱ ደርሷል። ጠቧታል፤ የገዙት ድሮ ግርማ ለነገረዎ ከሲታ ልጅ ልክ ነው።

አላየሽኝም ብለዋል። አይቼዎታለሁ። ገና ከበሩ ሲገቡ ለይላ አይታ "መጣ" አለችኝ። አስቴርን አጥቤ፣ ልብሷን ጠቅልዬ፣ ጡጦዋን ከላይ አስሬ ነበር የጠበቅሁዎ። ይዣት የወጣሁት እንዲያይዋት ነው። ዝም ሲሉ፣ ድካም ነው፣ ይረፉ ብዬ ገባሁ። ሁለተኛ ስወጣ ፊቷን ወደ እርስዎ አዞርሁላት። ቢጠሩኝ እሰጥዎ ነበር። አልከራከርዎትም ነበር። አስረክቤዎ፣ ገብቼ በሩን እዘጋ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንደምሆን አላሰብሁትም።

አልጠሩም።

ሲሄዱ ለይላ "ምነው? አባቷ አይደለም እንዴ?" አለችኝ። "አይደለም፤ መንገደኛ ነው" አልኋት። ጥቅልሉን ፈታሁ። ያን ጊዜ አለቀስሁ፤ ከእህቴ ቀብር ወዲህ አልቅሼ አላውቅም ነበር። አስቴር ጆሮዬን ይዛ ታየኝ ነበር።

በመስከረም አይምጡ። ከመጡም እንግዳ ሆነው ይምጡ፤ ወተት አፍልቼ አቀርብልዎታለሁ። መጻፉን አይተዉ፤ እኔም መመለሱን አልተውም። ብቻ ከእንግዲህ ስለ አስቴር ሲጠይቁኝ "ልጄ እንዴት ናት" አይበሉኝ። "ልጅሽ እንዴት ናት" ይበሉኝ። ደህና ናት እልዎታለሁ።

ገላነሽ